ድምፅህ ጉና ድረስ ደረሰ

ለጌታሁን፣ ለቤቴ አባወራ፤

ጌትዬ፣ ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ገብቷል። እንደምን ከረምክ ልልህ ብዬ መልስ እንደማይመጣልኝ ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። ቢሆንም ልጻፍልህ። ትናንት አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ስሠራም ሰው ሳነጋግርም ልቤ እዚያው ነው። ለጎረቤቶቻችን ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። አንተ ብትኖር ግን ዓይንህ እንባ ሞልቶ ድገሚልኝ ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ማክዳ ቁመቷ ደረቴ ላይ ደርሷል። እንዳንተ በግራ እጇ ትጽፋለች፤ እንዳንተም ስትናደድ ከንፈሯን ትነክሳለች። የኮክ ዛፋችንን የሐምሌ ነፋስ ገነደሰው፤ እኔም ማክዳም አለቀስን። ግቢው ውስጥ ወንድምህ አዲሱ ክንድህን እንድታሠራባቸው የተከለልህ ሁለቱ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ግን አሉ። የአንደኛው እግር በስብሶ ነበር፤ አዲሱ ለወጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ አንተ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ከከተማው እየመጡ ይለማመዱባቸዋል። አንዱ በባጃጅ ይመጣል፣ አንዱን ወንድሙ ዊልቸሩን እየገፋ ያመጣዋል። እየተቀላለዱ፣ እየተፎካከሩ ክንዳቸውን ሲያጠነክሩ ይውላሉ። እኔም ሻይ አፍልቼ ሳቃቸውን እሰማለሁ። በዚህ ግቢ ሳቅ ይሰማል ብሎ የገመተ ማን ነበር?

የምታውቀውን ልደግምልህ ነው፤ ግን ትናንት ካየሁት በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማሰብ ፈልጌአለሁ። ቆርቆሮ ስትመታ ከጣሪያ ወድቀህ አከርካሪህ ሲጎዳ ማክዳ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ሐኪሞቹ ከወገብህ በታች እንደማትንቀሳቀስ ነገሩን። ቤት ከገባን በኋላ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ። ማርታ፣ ያቺ ከሀዋሳ የመጣች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ በደብረ ታቦር ብርድ እየተንቀጠቀጠች ቤታችን ድረስ ትመላለስ ነበር። ክንድህን አሠራ፣ ቀና ብለህ ተቀመጥ እያለች ትለምንሃለች። አንድ ቀን ዞር አልክና፣ «ስፖርቱን ብሠራ እሄዳለሁ?» አልካት። ማርታ መዋሸት አይሆንላትም፤ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። አንተም ወደ ግድግዳህ ተመለስክ።

ከዚያ ማክዳ መቆም ጀመረች። የአልጋህን ጠርዝ ይዛ እየተነሳች ፊትህን ለማየት ትንጠራራ ነበር። አንድ ቀን እኔ ውሃ ልቀዳ በወጣሁበት ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታች። ስመለስ እሷ መሬት ላይ ታለቅሳለች፤ አንተ ካልጋው ተንጠልጥለህ እጅህን ዘርግተሃል፤ ጣቶችህ ሊደርሱባት ትንሽ ቀርቷቸዋል። ፊትህ በእንባ ርሷል። ያን ቀን ምሳም አልበላህም። ሲመሻሽ ጠራኸኝና ገመድ እንዳመጣልህ ጠየቅኸኝ።

እንዴት እንደ ደነገጥኩ አይረሳኝም። ምን እንዳሰብኩ ገባህና እጄን ያዝከኝ።

«እሱ አይደለም፤» አልከኝ። «ልነሳበት ነው።»

አዲሱ ገመዱን ከጣሪያው ወራጅ ላይ አሰረልህ። በሱ እየተጎተትክ መነሳት ጀመርክ። መጀመሪያ ራስህ ይዞር ነበር፤ ላብ ያጠምቅህ፣ ያስመልስህ ነበር። ቀስ በቀስ ቀና ብለህ መቀመጥ ቻልክ። አሸዋ የሞላ ጀሪካን አስመጥተህ ታነሳ ጀመር። የግቢውን አግዳሚዎች አልጋህ ላይ ሆነህ ለአዲሱ ልኩን እየነገርክ አስተከልካቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ማክዳ ዊልቸርህ ሥር መጥታ እጇን ስትዘረጋ፣ ጎንበስ ብለህ ከመሬት አንስተህ ጭንህ ላይ አስቀመጥካት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሷ ጢምህን እየጎተተች ትስቃለች፤ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ፀጉሯን ታሸትታለህ። እግርህ እስከ መጨረሻው አልሄደም፤ ግን እኔ ባሌን ያገኘሁት በዚያ ጠዋት ነው።

ማርታ ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ይህን እንድትነግራቸው ስትጠይቅህ እምቢ ብለህ ነበር። የወደቀ ሰው ምን ወሬ አለው አልካት። እሷም ምክር ከሷ ሲሰሙ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ የተኛ ሰው የሚያምነው ራሱ ተኝቶ ያየ ሰውን ብቻ እንደሆነ አስረዳችህ። ሄድክ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት መሄዱን አልተውክም። ከተማ መውረድ ለማይችሉት ደግሞ ድምፅህን በስልኳ ቀዳችው። ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የት የት እንደ ደረሰ አንተም እኔም አላወቅንም። ብዙም ሳይቆይ ኩላሊትህን አመመህና በአጭር ጊዜ ውስጥ ሄድክብኝ። ድምፅህ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ልከፍተው ግን ከቀብርህ በኋላ አንድም ቀን አልደፈርኩም።

አምና በዚሁ ወር ማርታ ወደ ጉና ተራራ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን መኪና እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን በእግራችን ወጣን። ገብሱ ገና አልታጨደም፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት ጎጆ አጠገብ ስንደርስ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። አንተ ነህ። ያ ጎርናና ድምፅህ፣ ከመናገርህ በፊት ጉሮሮህን የምትጠርገው ነገር፣ ሁሉም።

«ስሜ ጌታሁን ይባላል፤ አናጺ ነበርኩ፤» ትላለህ። «ስፖርት በመሥራቴ እግሬ አልሄደም፤ እንዳትሳሳቱ። ግን ልጄን ከመሬት አንስቼ ታቅፌአታለሁ። እናንተም የምትነሱለት ነገር አይጠፋችሁም።»

ማርታ ክንዴን ደግፋ አስገባችኝ። ውስጥ ትርንጎ የምትባል ልጅ ከምሰሶው በታሰረ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ራሷን ወደ ላይ ትስባለች፤ ስልኩ መደቡ ላይ ይናገራል። ዐረብ አገር የሰው ቤት ስትሠራ መስኮት ስትወለውል ከፎቅ ወድቃ ነው የተጎዳችው። እናቷ ወይዘሮ እናኑ እንደ ነገሩኝ፣ ከመጣች ጀምሮ እህል የምትቀምሰው ለምነዋት ነበር፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ያንተን ድምፅ እስኪያሰማት ድረስ። ማርታ ማን እንደሆንኩ ስትነግራት ገመዱን ለቀቀችና አየችኝ።

«የማክዳ እናት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አይታን የማታውቅ ልጅ፣ ደመና የሚውልበት ተራራ ላይ ሆና፣ የልጃችንን ስም እንደ እህቷ ስም ጠራችው። አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ድምፅህን ስትሰማ መጀመሪያ ትበሳጭ ነበር፤ እሱ ልጅ አለው፣ እኔ ለማን ብዬ ልነሳ እያለች። ሲደጋገም ግን እሷም የምትነሳለትን ነገር መፈለግ ጀመረች። ከአውሮፕላን ወደ አምቡላንስ፣ ከአምቡላንስ ወደ ቃሬዛ እየተቀያየረች እስከዚህ ጎጆ የመጣችው ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየች ነበር።

«ተኝቼ ገባሁ፤» አለችኝ። «አገሬን ገና አላየሁም።»

ከጎጆዋ በላይ ያለው ጫፍ ላይ ወጥታ አገሩን ማየት ነው የፈለገችው። ለዚያ ድንጋይ ዊልቸር አይሆንም፤ የሚሆነው በቅሎ ነው። በቅሎ ላይ ለመቀመጥ ደግሞ ወገቧ እንዳይዋዥቅ ክንዷና ደረቷ መጠንከር ነበረባቸው። አጎቷ አሮጌ ኮርቻ በወፍራም ግንድ ላይ አሰረላት። ማርታ ገላዋ እንዳይቆስል አጎዛ ደራርባ እንድትቀመጥና ዘወትር ቆዳዋን እንድታስፈትሽ አስተማረቻት። ዓመቱን ሙሉ ገመዱን እየሳበች፣ ግንዱ ላይ እየወደቀችና እየተነሳች ከረመች። አንዳንዴ ትደውልልኝ ነበር። ወይዘሮ እናኑም ስልኩን ተቀብለው፣ ልጃቸው እንደ ድሮዋ እያዘዘች እንዳስቸገረቻቸው ደስ ብሏቸው ያሟት ነበር።

ትናንት እኔንና ማርታን ጠራችን። የአካባቢው ቄስ ገራም በቅሏቸውን ሰጥተው ራሳቸውም አብረው መጥተዋል። ከጎጆዋ ደጅ ወጣ ባለው የጣሪያ ወራጅ ላይ ሌላ ገመድ ታስሯል። በቅሎዋን ከሥሩ አቆሟት፤ ትርንጎ ገመዱን ጨብጣ ራሷን ወደ ላይ ሳበች፤ አጎቷ እግሮቿን ብቻ አዞረላት። ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ ቀበቶ አሰሩላት፤ አጎቷ በአንድ ጎን፣ ማርታ በሌላው ቆሙ፤ ልጓሙን ግን ራሷ ያዘች። ወይዘሮ እናኑ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔና እሳቸው ከኋላ ከኋላ ሄድን። በቅሎዋ ስትረግጥ ትርንጎ ትዘነበላለች፤ ትመለሳለች፤ ትዘነበላለች፤ ትመለሳለች። ጀርባዋን እያየሁ፣ ጌትዬ፣ ያንተን ጀርባ ነበር የማየው።

ጫፉ ላይ ደረስን። ክረምቱ ሰማዩን አጥቦት ሄዷል። ከእግራችን ሥር ገብሱ፣ ከገብሱ በታች ጤፉ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር በጭስ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያ ፎገራ፣ ከሁሉም መጨረሻ ጣና ሰማዩ ሥር እንደ ተነጠፈ ብርሃን። እኔ እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አገሩን ባረኩ። ትርንጎ ልጓሙን ለቀቀች፤ ማንንም ሳትደገፍ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ወሰደችው።

«ገባሁ፤» አለች። «አሁን አገሬ ገባሁ።»

እናቷ ይህን ሲሰሙ በጉልበታቸው ወደቁ። እኔም አብሬያቸው ተንበረከክሁ። አንድ አናጺ አልጋው ላይ ሆኖ ልጁን ሊያነሳ የተጎተተው መጎተት፣ እሱ አፈር ከገባ በኋላ የማያውቃትን ልጅ ተራራ ላይ ሲያወጣት ሰው ምን ብሎ ይጸልያል?

ስንወርድ ትርንጎ ማርታን ድምፄን ቅጂልኝ አለቻት። ሐሙሲት ከተማ ውስጥ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ወጣት አለ፤ የሷን ይሰማል። ያንተ ድምፅ ያላስነሳውን የሷ ያስነሳው ይሆናል።

እንግዲህ እኔም ቃል ልግባልህ። ሰዎች ሲያሞግሱህ፣ አንተን የማይመስል ጀግና ሲያደርጉህ ዝም አልልም። ስላዞርከው ፊትህ፣ ስላስመለሰህ ቀን፣ ገመድ ስትጠይቀኝ ስለ ደነገጥኩት ድንጋጤ እናገራለሁ፤ ሰው የሚነሳው በዚያ እንደሆነ አይቻለሁና። ስምህ በዚህ ግቢ ሳይጠራ የሚያልፍ ቅዳሜ አይኖርም።

ማክዳ ከትምህርት ቤት መጣች፤ የውጭውን በር ስትከፍት ይሰማኛል። እስካሁን የተቀዳውን ድምፅህን አላሰማኋትም፤ ትጎዳብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ደብተሯን ስታስቀምጥ ከጎኔ አስቀምጬ፣ አባቷ ለምን እንደ ተነሳ ከራስህ አፍ አሰማታለሁ።

ሁልጊዜ ያንተው፣
ስንዱ