ወይፈኑ ይመለስለት

ሮማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዓይኔ ከተገለጠ ወዲህ ላላየሁህ ልጄ ለሳህሉ፤

የገዳሪፍ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሐኪሙ የግራ ዓይኔን ሞራ ገፎልኝ፣ አሁን ከመስኮቱ ማዶ የተሰጣውን የሰው ልብስ እቆጥራለሁ። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። እኅትህ እልፍነሽ «ልጻፍልዎ» ብላ ብዕሩን ይዛ ነበር፤ ቀማኋት። እሷ ቃሌን ታለሳልሰዋለች። ፊደሌ ቢጣመም የተጣመመው ፊደሉ ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «ለእማዬ ሙት ዓመት በመተማ ሾልኬ ደባርቅ እገባለሁ፣ ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁ። ነገሩም ረግቷል፤ ተክሉ ራሱ ለድግሱ ወይፈን ሰጥቷል» ትላለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ እንቢ ብሎኛል። ጧት ተነሥቼ እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ደረጃውን እወጣለሁ፣ ሳላርፍ ደግሞ እወርዳለሁ። «አባባ፣ አከራያችን ጫማዎ ወለሌን በላው እያለች ነው» አለችኝ እልፍነሽ። ይብላው።

አትሂድ። ምክንያቱን ስማ።

እልፍነሽ የምትሠራላቸው አቶ ኃይለመለኮት እዚህ ባለው የዓለም የእርሻ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ናቸው። ያለፈው እሑድ ምሳ ጠሩኝ። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ነበራቸው፣ የአውሬ ነገር የሚያጠና። «እኚህ ሽማግሌ ሰሜን ላይ የታወቁ ነብር አዳኝ ነበሩ» አሉት። በሰውዬው አገር የተራራ አንበሳ የሚሉት አለ። ጎፈር የለውም፣ ሴት አንበሳ ይመስላል፣ ጠባዩ ግን የነብር ነው። በውሻ አሳደው ዛፍ ላይ ያወጡታል፣ በመርፌ ያስተኙታል፣ አንገቱ ላይ ራዲዮ አስረው ይለቁታል።

«ሳትገድሉት?» አልኩት፣ አቶ ኃይለመለኮት እያስተረጎሙልኝ።

«ከተባረረ በኋላ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ነው» አለኝ።

«ይህንንማ እኔም ያለ ራዲዮ አውቀዋለሁ።»

አቶ ኃይለመለኮት ሳቁና «እስኪ ይንገሩት» አሉኝ። ነገርኩት። ውሻ ያባረረው ነብር የመጀመሪያውን ቀንና ሌሊት ከልማዱ አብልጦ ይሄዳል፣ ገደል ለገደል። ቀጥሎ ይሸሸጋል፣ ቀን ቅንጣት አይነቃነቅም። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን፣ ጭር ሲልለት፣ በጀርባ ዞሮ ከሰፈሩ ይገባል። ሰውዬው ካርታ አወጣ። የአንዱን አውሬ መንገድ በቀይ እርሳስ አስምሮበታል። ቀዩ መስመር ከዛፉ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ወንዝ ዳር ደርሶ ይዞራል፣ ይጠመዘዝና ከተነሣበት ሸለቆ ተመልሶ ይገባል።

«አሎራ፣ እንግዲህ አባታችን ረቱ» አሉ አቶ ኃይለመለኮት። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ከሳህኑ መለስኩት። ያ መስመር ያንተ መንገድ ነበር።

ልጄ፣ ይህን ነገር ደባርቅ ላይ የማውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። ተክሉ አሥራ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ውሻ ስቧል። ዛሬ የአብዮት ጥበቃ አለቃ ሆኗል። ባለፈው መጋቢት ሲያሳድድህ ሊማሊሞ ገደል አፍ ላይ ቆሞ ሰዎቹን የመለሳቸው አዝኖልህ መሰለህ? «ባመለጠህ ቀን አትከተለው፤ ውሻህን እሰርና ከተነሣበት ቦታ ፍየል አስረህ ቁጭ በል» ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ። ያን ጊዜ የማስተምረው ስለ ነብር መስሎኝ ነበር። ፍየሏን የምናስረው ነብሩን ወደን አልነበረም። ወይፈኑም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልንገርህ። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ደስታ ጽፌ ልኬያለሁ። ወይፈኑ ለተክሉ ይመለስለት፣ ደባርቅ ላይ ድግስ የለም፣ የእናትህን የእታገኘሁን ሙት ዓመት ባሏ እዚሁ ያወጣል ብያለሁ። «በሰው አገር ተዝካር አይወጣም» እያልኩ እልፍነሽን ክረምቱን ሁሉ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። ቀኑም አልገጠመም፤ ሚካኤል ማክሰኞ ይውላል፣ ያገራችን ሴቶች ከየሥራ ቤታቸው የሚለቀቁት ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት ነው። «እናታችሁ ለሲኞራዎቹ እንዲመች ብላ አልሞተችም» ብዬ ተቆጣሁ። በነጋታው «ቫ ቤኔ፣ ሐሙስ ይሁን» አልኩ። እልፍነሽ ጣልያንኛዬን ሰምታ ሳቀች፣ ሳቋም ለቅሶ ሆነ።

ያገሬ ሰው «አለባቸው ሮማ ገባና ሚስቱን ሳይዘክር ቀረ» ይላል። ይበል። እዚያ የቀረኝ ስሜ ነበር፤ እሱንም ከመንገድህ ላይ አንሥቼዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከእናትህ ጎን ለራሴ ያስከለልኳትን የመቃብር ቦታ ለሌላ ክርስቲያን ይስጧት ብያለሁ። ነገ በእኔም ሞት ሌላ ወይፈን እንዳይታሰርልህ። ይህን ለእልፍነሽ አልነገርኳትም፣ አንተም አትጻፍላት።

ያን እሑድ ከምሳው ስንነሣ አሜሪካዊውን ለብቻው ያዝኩት፤ አቶ ኃይለመለኮት አስተረጎሙልኝ። «ሳይመለስ የቀረ የለም ወይ?» አልኩት። አንድ አለ አለኝ። ጎረምሳ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከተባረረ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሌላ ሸለቆ ያዘ። «ሞተ?» አልኩት። «የለም፤ ራዲዮው እስከ ዛሬ ይሰማል» አለኝ።

ይህን የሚያደርስልህ ተኪኤ ይባላል፤ ክረምቱን እዚህ አጠገብ ኦስቲያ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ካርቱም የሚያልፍ የአስመራ ልጅ ነው። «አልሄድም» ብለህ በአፍህ እስክትነግረው ድረስ ከደጅህ እንዳይነሣ ብዬዋለሁ። ቃሉን ሰጥቶኛል፤ ልጁን አታስቁምብኝ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። እንደዚያ ራዲዮ ተሰማኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

የተሻገርከው ወንዝ ማዶ ይቅናህ። የረገጥከው መሬት እንደ አባት ርስት ይቀበልህ። የእናትህ ጸሎት ፊትህንም ኋላህንም ይጠብቅ።

አባትህ አለባቸው ወንድይራድ