እማማ ሙሉ ሶኬቱን ሲነቅሉ

ማክሰኞ

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ አንዴ ስራመድ ካልሲዬ ራሰ። ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል። ለጥቂት ወር ሊጎበኙን የመጡት የባለቤቴ የዳንኤል እናት፣ እማማ ሙሉ፣ በፎጣ ወለሉን ያደርቃሉ።

ከሰዓት ነጎድጓድ ነበር። እሳቸው ሰማይ ካጉረመረመ ቤቱን ዞረው ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ፤ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ማይክሮዌቩን። ዛሬ የዓሣ ገንዳዬን ፓምፕ ጨመሩበት። «መብረቅ በሽቦ ይገባል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም እናቴ ቤት ያደግኩት እንደዚሁ ነው፤ ምን እላቸዋለሁ?

ከገንዳው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሁለተኛ ትንሽ ገንዳ አለ። ውሃው ወደዚያ ወርዶ ይጣራል፣ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ በዚያው በመመለሻው ቱቦ ቁልቁል ተስቦ ታችኛዋን ሞልቶ ፈሰሰ። ውሃ የሚያግድ ቫልቭ አለው ብዬ ተኝቼ ነበር። ፈትቼ ሳየው ቆሻሻ ተሰንቅሮበት አልዘጋም።

ዳንኤል አመሻሽ ላይ ገብቶ አየና «ውሃው አንድ ቀን ቤዝመንት ይወርዳል። ከእንግዲህ አንዴ ከፈሰሰ ገንዳው ይሸጣል» አለ። ቤዝመንት፣ ከሥር ያለው ምድር ቤት፣ የእናቱ መኝታ ነው። እውነቱን ነው፣ ግን ተናደድኩ። ዓሦቼን አልሰጥም።

ረቡዕ

ዕረፍት ነኝ። ወለሉ ላይ ተኝቼ በባትሪ ሳይ ሳይ ገባኝ! የመመለሻው ቱቦ አፍ በጣም ጠልቋል። አፉ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ መሳቡን አያቆምም። ሃቫና ጎዳና ወዳለው ሱቅ ሄጄ ቱቦ ገዝቼ ስመለስ መኪና ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። ዕቅዴ ይኸው፦

የቱቦው አፍ ወደ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ።
እዚያው አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ። ውሃው ትንሽ ሲጎድል ቀዳዳው አየር ያስገባል፣ ስበቱ ይቋረጣል።
ታች ያለው ውሃ ይቀነስ፤ ለሚወርደው ቦታ ይኑር።
የፓምፑ ሽቦ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይውጣ፣ ጠብታው ሶኬት ሳይገባ መሬት እንዲወድቅ። ትናንት ይህም አልነበረም። ሳስበው ዘገነነኝ።

ሁሉንም ሠርቼ ስጨርስ እጄን አድርቄ ሶኬቱን ነቀልኩ። ታችኛዋ ገንዳ መሙላት ጀመረች። ሞላች፣ ሞላች፣ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣና ቀጥ። ከአፏ ጣት ሲቀራት! ብቻዬን ጨፈርኩ። ግን ጣት አይበቃኝም፤ ሌላ ውሃ ቀንሼ፣ ፓምፑ ሲሠራ ከዚህ እንዳያልፍ ብዬ ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፍኩ።

ሐሙስ

«እማማ፣ ፓምፑን አይንኩብኝ» ልል ተነሳሁና አፌ እምቢ አለኝ። ሰማዩ ሲያገሳ እንደሚነቅሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሳቸው እንዲነቅሉት ለመንኳቸው።

«ባለፈው ቤትሽን አጥለቅልቄ ዛሬ ይንቀሉ ትይኛለሽ?»

ነቀሉ። ሁለታችን ቁጢጥ ብለን አየን። ከፍ አለ፣ ቆመ። እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ፓምፑ ብዙ ከቆመ ዓሦቹ አየር እንደሚያጥራቸው ነገርኳቸው፤ ሰማዩ ጸጥ ሲል መልሰው ይሰኩት። «እሺ» አሉ። ከዚያ ገንዳውን ትኩር ብለው አይተው «ግን ይኼን ሁሉ ዓሣ የምትበሉት መቼ ነው?»

ቀዳዳው እንዳይደፈን በስንጥር አጸዳሁት። በየሳምንቱ ማየት አለብኝ።

ዓርብ

ሥራ ላይ ሳለሁ በተራሮቹ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የምንከባከባቸውን አንዲት አረጋዊት ምሳ እያበላሁ ልቤ ሰፈራችን ግሪን ቫሊ ራንች ነው። ደወልኩ፣ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ። የእማማ ስልክ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው፤ እሱንም ነቅለውታል ማለት ነው። ቀዳዳው ቢደፈንስ? ፈርቻለሁ፤ ውስጤ ግን ይሠራል ይላል።

ስደርስ የዳንኤል መኪና ቆሟል። በሩን ስከፍት ዳንኤል መወልወያ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ገንዳዬ ተሸጠ ብዬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

እማማ ሙሉ ገንዳው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳሎኑ ደረቅ ነው። ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ዓሦቹ ይዋኛሉ። ነቅለው ነበር፤ ውሃው ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ሰማዩ ጸጥ ሲል ከሁሉ አስቀድመው እሱን ሰክተዋል።

«ዓሦቹ ነፍስ አላቸው» አሉኝ። «ፍሪጁን ግን ረሳሁት።»

ዳንኤል የሚወለውለው ወጥ ቤቱን ነው። የፍሪጁ በረዶ ቀልጦ ወለሉን ሞልቶታል።

«እንግዲህ ፍሪጁ ይሸጣላ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው።