ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ተረኛ

ኮኬ የኔ ቆንጆ፣ የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል?

እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም አክስቴ ቤት ነኝ፤ ዛሬ ያየሁትን ሳልነግርሽ አላድርም። የብሎኩ ሰዎች ፎቶአቸውንም የእድር ማስታወቂያቸውንም የሚያስቀምጡበት፣ በየስልካቸው እየገቡ መልዕክት የሚለዋወጡበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው፤ ልክ እንደኛ። የነሱ ግን እንደ ማኅበር ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል! ከፍርድ ቤት ጡረታ የወጡት እትዬ ወለተሰንበት በጋቢ ጠቅልለው ከአራተኛ ፎቅ ሲያወርዱት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ቆሞ «ቀስ! ቀስ!» ይላል። የወሩ ተረኛ ቶኩማ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። እሱ ቤት እስኪሰካ ድረስ ፎቶውም መልዕክቱም ተቋረጠ፤ ያጉረመረመ ግን የለም።

«አንድ ሰው ጋ ቢቀመጥ አይሻልም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ይደክማል» አሉኝ።

አፈርኩ፣ ኮኬ። የኛን የመምህራኑን ኮምፒውተር ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ስትጠብቂ፣ «ለምን ተቋረጠ?» ከማለት በቀር «ደከመሽ ወይ?» ብዬሽ አላውቅም። ሲመርሽ ስትዘጊው ደግሞ ጭራሽ ተቀየምኩሽ። አይ እኔ!

ካርዱ አለቀብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ኮምፒውተሩን ለማንም እንዳትሰጪ። ለባሌ ደውዬ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ አስለቅቄያለሁ፤ የመጀመሪያው ወር የኔ ነው።

ናዝሬትሽ