ለእድራችን ፕሬዚዳንት፦ ስለ አሜሪካው ሕገ መንግሥትና ስለ ድስቶቹ

ለክቡር አቶ ብዙአየሁ፣
እስካለፈው ወር የእድራችን ሰብሳቢ፣ ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንት፤
ሰንሻይን፣ ሜልበርን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የሚያምዎት ተሻለዎት ወይ? እኛ በአዲሱ ሕገ መንግሥትዎ ሥር የምንተዳደር እድርተኞች፣ ግራ ከመጋባት በቀር ምንም አላመመንም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ይፈቀድልኝ። እርስዎ ስለ አሜሪካ መንግሥት አመሠራረት በኢንተርኔት አጭር ኮርስ ወስደው፣ የምስክር ወረቀቱን ሳሎንዎ ከሰቀሉ በኋላ፣ የእድራችንን የቆየ ደንብ ሽረው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በስልክዎ አስተረጎሙ። ቀጥለውም «አሜሪካ» የሚለውን ሁሉ «አውስትራሊያ»፣ «መንግሥት» የሚለውን «እድር» ብለው ቀይረው አጸደቁልን። የምንኖርበት አገርም የራሱ ሕገ መንግሥት እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ለእርስዎ ግን የሚመጥን አልሆነም።

እኔ ኮርስ አልወሰድኩም። ኬንሲንግተን ውስጥ ሰው ያረጀ ዕቃውን በር ላይ በሚያወጣበት ሳምንት፣ ከአንድ ስባሪ ወንበር ሥር ስለዚሁ ሕገ መንግሥት የተጻፈ የተማሪ መከለሻ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ወደ መጋዘን ሥራዬ ስሄድ ባቡር ውስጥ አነበዋለሁ። ሽፋኑም የመጨረሻዎቹ ምዕራፎችም የሉትም። ስለዚህ ቀጥሎ የማቀርባቸው ቅሬታዎች መልስ ምናልባት በጎደሉት ገጾች ላይ ይኖር ይሆናል፤ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

፩. ስለ ሥልጣን ክፍፍል። መጽሐፌ እንደሚለው ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኛው የሚለያዩት አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ነው። እርስዎም በሚገባ ለይተዋቸዋል፤ አስፈጻሚው እርስዎ፣ ሕግ አውጪዋ ባለቤትዎ፣ ዳኛው የባለቤትዎ ወንድም አቶ በዳሳ ናችሁ። ሦስቱ የሥልጣን አካላት እሑድ እሑድ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ እርስ በርስ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ መገመት አያቅተንም፤ በተለይ ሥጋው ሲመጣ።

፪. ስለ መናገር ነጻነት። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ሀይሉ ያረፉ ጊዜ፣ የእድሩ ትልልቅ ድስቶች በእርስዎ ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ እርስዎም ስልክ ሳያነሱ ቀርተው፣ ያን ሁሉ ለቀስተኛ በየቤታችን ትንንሽ ድስት እንዳስተናገድነው ያስታውሳሉ። በተከታዩ ስብሰባ እትዬ ፈጡማ ተነሥተው «ብዙአየሁ ልጄ፣ የድስቶቹ ቁልፍ የት ነው? እኔ የሞትኩ ለታ በሻይ ማፍያ ነው ወጥ የምትሠሩልኝ?» ብለው ጠየቁ። የሳቅነው ሁላችንም ነበርን። ከእድሩ የተሰረዙት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

፫. ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሕግ። «ፕሬዚዳንቱን በስብሰባ ላይ የተዳፈረ ይሰረዛል» የሚለውን አንቀጽ ባለቤትዎ ያወጡት እትዬ ፈጡማ ከተናገሩ በኋላ ነው። መጽሐፌ ግን ሕግ ከመውጣቱ በፊት በተሠራ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል። ተከሳሽ ሊሰማ ይገባል የሚልም አለው። አቶ በዳሳ እትዬ ፈጡማን ጠርተው አልሰሟቸውም፤ ውሳኔያቸውንም በቫይበር በአውራ ጣት ምልክት አሳወቁን፤ እርስዎም ወዲያው የመሰረዣውን ወረቀት ፈረሙ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ፍርድ በመጽሐፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ጥቂት ላቆየው። እትዬ ፈጡማ አስኮት ቬል ሰፈር በመንግሥት ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በዚህ አገር ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሴት ናቸው። የሰው ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱም እሳቸው ናቸው። በተሰረዙ ማግስት ደውለው «እየሩ፣ እኔን እንግዲህ ማን ሊሸኘኝ ነው?» አሉኝ። መልስ ስፈልግ ነው የእርስዎን ሕገ መንግሥት ከመጽሐፌ ጋር ማመሳከር የጀመርኩት።

፬. አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በአንቀጽ ሁለት ላይ ፕሬዚዳንት የሚሆነው «በአውስትራሊያ የተወለደና ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው» ብቻ እንደሆነ ደንግገዋል። እርስዎ ደሴ እንደተወለዱ በየበዓሉ ስለሚያጫውቱን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ የተወለደችው ልጄ ሊና ናት፤ እሷ ደግሞ ገና ዩኒቨርሲቲ መግባቷ ነው፣ ሥልጣኑን ባቀርብላትም «ኖ ዌይ፣ ማም» ብላኛለች። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን ካጸደቁበት ሰዓት ጀምሮ እድራችን ፕሬዚዳንት የለውም። ፕሬዚዳንት ከሌለ ደግሞ እትዬ ፈጡማን የሚሰርዘው ወረቀት ላይ የፈረመ ፕሬዚዳንት የለም ማለት ነው። ራሱን በራሱ ብዕር ከሥልጣን ያወረደ መሪ ማግኘት ለማንም እድር የማይገጥም ዕድል ነው፤ ከልብ እናመሰግናለን።

በሚመጣው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ተገናኝተን አዲስ ሰብሳቢ እንመርጣለን። እርስዎም እንደ ማንኛውም እድርተኛ መጥተው ድምፅ ቢሰጡ ደስ ይለናል። እትዬ ፈጡማ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ።

ወንበሩ ቢቀርም ጤናው እንዳይቀርብዎ እየተመኘሁ፣ በስብሰባ ላይ አንድም ቀን እጄን አውጥቼ የማላውቀው፣

አክባሪዎ እየሩ፣
ከኬንሲንግተን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ፈጡማ አነበብኩላቸው። ሕገ መንግሥቱን ወደ ጎን ትተው፣ «እሑድ ሲመጣ ቁልፉን ይዞ ይምጣ በይው፤ የእሱ ተራ የደረሰ ለታ ጋራዡን ማን ሊከፍትልን ነው?» ብለዋል።