ከሃምሳ በላይ እንዳልነዳ ስላስገዘቱኝ

ለተከበሩ አቶ ይርጋ
የጭነት ማመላለሻ ድርጅታችን የስምሪት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ደም ግፊትዎ እንደምን አሉ? እኔ ሾፌርዎ ሲራክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መብራትም ስልክም ባንክም በሌለባት መርሳ አርባ ቀን ሞላኝ። ይህችን ደብዳቤ ሙሐመድዘይን የተባለ የግመል ነጋዴ በቆላው በኩል በእግሩ ይዟት ይወጣል። ከደረሰ፣ ባልደረቦቼም እንዲያነቧት በቢሮዎ በር ላይ እንዲለጥፋት ለምኜዋለሁ፤ ውለታዎን ብቻዬን ይዤ መቅረት ነውር መስሎ ታይቶኛል። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. መኪኖቻችን በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ የፍጥነት መገደቢያ ስላስገጠሙልን አመሰግናለሁ። ናፍጣ ይቆጥባል፣ ጎማ አይበላም፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይቃጠልም፣ የኢንሹራንስ ሰዎችም ይወዱናል ብለው ሲያስረዱን ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን ስል አላሾፍኩም። ጓደኛችን ዓለምነህ ሲሪንቃ ላይ ሲበር ሄዶ የተገለበጠ ዕለት ሬሳውን ከጋቢናው ያወጣሁት እኔ ነኝና ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

2ኛ. ሾፌር የመገደቢያውን ሽቦ ቆርጦ እንደሚነዳ ስለሚያውቁ፣ ሽቦው ላይ ከሚደረግ ማኅተም የበለጠ የሚያስፈራንን ነገር ፈልገው በማግኘትዎ አደንቅዎታለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ቀን ወልድያ ድረስ መጥተው፣ ጠላችንን ቀምሰው፣ የነፍስ አባታችንን ቄስ ሞላን ለምነው፣ መገደቢያውን የነካ በቅዱስ ገብርኤል የተገዘተ ይሁን አሰኙን። የቅጣት ደብዳቤ የማያስደነግጠው ሁሉ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ።

3ኛ. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ደጃፍ ሲደርስ ጭነቴን አራግፌ ባዶ መኪና ይዤ እዚያው ነበርኩ። ባለቤቴን ሔዋንን፣ የስኳር ሕመምተኛ የሆነችውን የዘጠኝ ዓመት ልጄን ብሌንንና የሰፈሬን ሰው አሳፈርኩ። በከተማው ኢንሱሊን አልቆ ስለነበር የግድ ደሴ መድረስ ነበረብን። መካኒኩ አበባው ፒንሳውን ይዞ መጣና ሽቦውን ለመቁረጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም አለ። እኔ ግን ግዝቱ በልጄ ላይ እንዳይደርስ ፈርቼ ወደ ቄስ ሞላ ሮጥኩ። ቄሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ልጄ፣ ያስገዘተው ሰው እሺ ይበልና አሁኑኑ እፈታሃለሁ» አሉኝ። ወደ እርስዎ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ስብሰባው ሳያልቅ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ስለዚህ በሃምሳ ነዳሁ። ከኋላዬ የተነሳ ሁሉ እየጮኸብኝ አለፈ። ሔዋን ሁለት እጇን ፊት ለፊቷ ካለው ዳሽቦርድ ላይ አድርጋ መርሳ እስክንገባ ድረስ መኪናውን ትገፋው ነበር። ስንደርስ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። ከወልድያ እስከ መርሳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና ሂሳቡን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

4ኛ. ስለ ንብረትዎ መጠየቅዎ አይቀርም። በሦስተኛው ሳምንት ታጣቂዎች መኪናውን ወሰዱት። ሽቦውን የቆረጡት ቆመው እየተጫወቱ ነው፤ ገብርኤልንም እርስዎንም አላስፈቀዱም። እኔንም ሾፌር ስለሆንኩ ልፈለግ እንደምችል ነግረው ከከተማው እንዳልወጣ አዘዙኝ። ወጥቶ የተያዘ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁና አልሞከርኩም።

5ኛ. በእጃችን የቀረውን የብሌንን መድኃኒት በእንስራ ውኃ እያቀዘቀዝን፣ መጠኑንም እየቀነስን አቆየነው። የመጨረሻው ብልቃጥ ሲጋመስ፣ ሴትና ሕፃን አይከለከልም ስለተባለ፣ እናቷ ይዛት በተራራው በኩል ደሴ አጠገብ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ በእግሯ ወጣች። ከሄዱ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ፤ ወሬያቸውን የሰማ ሰው አላገኘሁም። ያስገዘቱት እርስዎ ቢሆኑም አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። አበባው ፒንሳውን ይዞ ሲለምነኝ እንቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለሰው መናገር አልቻልኩምና ለእርስዎ ጻፍኩት።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይቋረጥ ኔትወርክና ቶሎ የሚያልቅ ስብሰባ ይስጥዎት እያልኩ፣ መመሪያዎን እስከ መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ያከበርኩ ታዛዥ ሾፌርዎ፣

ሲራክ በላይ
መርሳ፣ መስከረም 2014 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ደሴ ያሉ ሠራተኞችዎ ተፈናቃይ በተጠለለባቸው ትምህርት ቤቶች በኩል ቢያልፉ፣ ሔዋንና ብሌን ሲራክ ብለው እንዲጠይቁልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ብሌን ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ካገኟት ሆስፒታል ያድርሱልኝ፤ በድርጅታችን መኪና ግን አይሁን፤ ልጅቱ ቸኩላለች።