የሐጂ ክንድ፣ የእኔ ጎማ

ቢቸና፣ ሐምሌ ፪ ቀን፣ ሰኞ፣ ከጧቱ ፫ ሰ.

ጋቢዬ ዛሬም ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ከወገብ እስከ ማጅራት የተሰመረው ጭቃ ግን ጨርሶ አልለቀቀም። ልጄ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሆስፒታል ሲዛወር የተወልኝ ብስክሌት የኋላ ፓራፋንጎ፣ ጭቃ መከላከያው ቆርቆሮ፣ የለውም። ጎማው ጭቃውን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ይረጫል።

ደብተሬ ሆይ፣ ትናንት የሆነውን ላንተ ብቻ እነግርሃለሁ። በድንበር የተጣሉትን ወንድማማቾች ላስታርቅ ቆሜ፣ ለምርቃት ዞር ስል ጎረምሶች ጀርባዬን አይተው ሳቁ። በእኔ፣ በመሪጌታ። ታናሽየውም ሳቀ፤ ታላቁ በእሱ የተሳቀ መስሎት ጥሎ ወጣ። ለመጪው እሑድ ተቀጠረ። ዳግመኛ ከተሳቀ ዕርቁ አበቃ።

ባለቤቴ ወ/ሮ ጥሩ ጋቢዬን አጥፌ በጉያዬ ይዤ እንድሄድ መከረችኝ። እንደ ሌባ? አይሆንም። በእግር እንዳልሄድ ጉልበቴ እምቢ ይላል። ሞጣ ሄጄ ፓራፋንጎ እገዛለሁ።

ሞጣ፣ ሐምሌ ፬፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ፱ ሰ.

በጭነት መኪና መጣሁ፤ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እንደሚገባኝ። ሐጂ ይማም ከሱቃቸው ሁለት ፓራፋንጎ አወጡልኝ። አንዱ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ወፍራም፤ ሌላው ጠባብ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ጥቁሩ ጭቃ ይችላል አሉ። የሚያበራውን አልኩ።

የጎማውን ቁጥር ጠየቁኝ፤ በጎማው ጠርዝ ላይ ይጻፋል አሉ። በክንዴ ለክቼ መጥቻለሁ፣ ሁለት ክንድ ከስንዝር፣ ትርፉ ይቆረጥ አልኩ። ሐጂ ፈገግ አሉና አቡጀዲ እንደሚለኩት በገዛ ክንዳቸው ለክተው በቆርቆሮ መቀስ ቆረጡት። በሱቅ የሚሠራው የባለሱቁ ክንድ ነው። ሐጂ አጭር ሰው ናቸው። አይቻለሁ። ስለ አንዲት ስንዝር መከራከር ለእኔ አይገባም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ቢቸና፣ ሐምሌ ፭፣ ሐሙስ

የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል። ሥራ አልነካም። ከግድግዳው አስደግፌ አየዋለሁ። ያምራል።

ሐምሌ ፮፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ፪ ሰ.

አጠረ! ሦስት ጊዜ ብሎን ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ አሰርኩ። ወደ ላይ ስስበው ከታች ይጎድላል፤ ወደ ታች ስስበው ከላይ። ወ/ሮ ጥሩ ጋቢዬን አጥፋ አቀበለችኝ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ያው ቀን፣ ፲ ሰ.

ቀጥቃጩ አዳሙ ጎረቤቴ ነው፤ አጥር ብቻ ይለየናል። ደጁን አልፌ ገብቼ ግን አላውቅም። ሰው ስለ ቀጥቃጭ የሚለውን እኔም ስል ኖሬአለሁ። ዛሬ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄጄ ከደጁ ቆምኩ። አየና፣ «መሪጌታ፣ የእርስዎ ክንድ ረዥም፣ የሐጂ ክንድ አጭር፤ ጎማው ምን በወጣው?» አለኝ። ልቆጣ ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ።

ያረጀ ጃንጥላዬን አስመጣ። ዘንጎቹን ድጋፍ አደረጋቸው፤ ከላምባ ቆርቆሮ ጅራት ቆርጦ ቀጠለበት። ጅራቱ ጥቁር ነው። አልተቃወምኩም። ዋጋ አልቀበልም አለ። ሰኞ የልጁ ክርስትና ነው፤ ቤቱ ገብቼ እንድባርክለት ብቻ ለመነኝ። እናያለን አልኩ።

«ብዙ ሰው እናያለን ብሎኛል» አለና መዶሻውን አነሳ።

ሐምሌ ፰፣ እሑድ፣ ፲፩ ሰ.

ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ከዕርቁ ቦታ እንደ ደረስኩ ጋቢዬን አውልቄ ጀርባውን አየሁ፤ ነጭ። ቆምኩ፣ ዞርኩ፣ መረቅሁ። ማንም አልሳቀም። ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ፤ ታናሹ አለቀሰ።

ታላቁ ሲሸኘኝ ጅራቱን አይቶ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የሞጣ ዕቃ ነው አልኩት።

ሐምሌ ፱፣ ሰኞ፣ ከጧቱ ፬ ሰ.

ባስታረቅሁት ሰው ፊት ዋሸሁ። ስለ ቁራጭ ቆርቆሮ!

በአዳሙ ግቢ ዳስ ተጥሏል። ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ የገባው ሰው ጥቂት ነው። ወ/ሮ ጥሩ የክት ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ጋቢዬን ደርቤአለሁ። ገብቼ እባርካለሁ፤ ከማዕዱም እቆርሳለሁ። ብስክሌቱን ከደጁ አቆመዋለሁ፤ ጅራቱ ወደ መንገዱ ዞሮ።