ግመል የሚስቱን እግር በማጠቡ ስለታሸገው ቪዲዮ ቤት

ለተከበሩ አቶ ገብረማርያም
የሰሊጥ በር ሰፈር የመልካም ጠባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮኪት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ይህ የቆላ ሙቀት ሳያደክምዎ፣ ወባውም ደጅዎን ሳይረግጥ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ እርስዎ አንድ ቀን አልጋ ቢይዙ የሰውን ትዳር ማን ይጠብቅልናል?

እኔ አገኘሽ እባላለሁ፤ ከእህል ወፍጮው አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት የነበረችኝ ሴት ነኝ። የነበረችኝ ማለቴ በሯ በእርስዎ ማኅተም ስለታሸገ ነው። ስለ ማኅተሙ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የሰፈራችን የውሃ ቦኖ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማኅተምዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀለም ጎድሎበት አያውቅም።

ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግሁት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ደጅ ጠንቼ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለተባልሁ ነው። ስብሰባዎን ማቋረጥ ስላልፈለግሁ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ያንብበው። ቅሬታዬንም እርስዎ በሚወዱት አኳኋን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግመሎቹ። እርስዎ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እስካሁን የታዩትን ዐሥራ አራት ክፍሎች ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አይተዋልና። ለማያውቀው አንባቢ ግን ልንገረው። ጎረቤቴ ረፊቃ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እዚያ ጦርነቱ ሲነሣ በገላባት በኩል በእግሯ ተሻግራ መተማ ዮሐንስ ገባች፤ ከዚያም ኮኪት፣ አጎቷ ዘንድ መጣች። ከእጇ ከተረፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ፍላሽ ነበር፤ በፍላሹም ውስጥ ለታናናሾቿ ታሳያቸው የነበረ የዐረብኛ ካርቱን አለ። ጀበል የሚባል ግመልና ወርዳ የምትባል ሚስቱ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በረሃ ውስጥ ይኖራሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ ጨው ተሸክሞ ይውላል፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ ትውላለች። እያንዳንዱ ክፍል ሊያልቅ ሲል ጀበል ሳፋ ያቀርብና የሚስቱን እግር ያጥባል። አይስማትም፣ አያቅፋትም፣ እወድሻለሁ የሚል ቃልም ካፉ አይወጣም። አጥቦ ሲጨርስ “ዛሬ መንገዱ እንዴት ዋለ?” ይላታል። ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ይህን ካርቱን አሳይ ጀመር፤ ረፊቃም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ ትመልስልን ነበር። መጀመሪያ ልጆች መጡ፣ ቀጥሎ እናቶች፣ ከዚያ ባጃጅ ነጂዎች፤ መጨረሻ ላይ ከእርሻ ካምፑ የሰሊጥ አጫጆች በትራክተር ተጎታች ተጭነው ይመጡ ጀመር።

ሁለተኛ፣ ስለ ክርክሩ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ባጃጅ ነጂዎቹ “ይሄ ግመል በደኅናው አይደለም፤ መስተፋቅር አብልታዋለች” አሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ፣ በስድስተኛው ክፍል ወርዳ ከማሽላው ጋር አንድ አረንጓዴ ቅጠል ስታቀርብለት ታይታለች አሉ። ጠላ የምትሸጠው አሰበች ብድግ ብላ፣ “እግሯን ማጠብ የጀመረው በመጀመሪያው ክፍል፣ ቅጠሉ የመጣው በስድስተኛው! መድኃኒቱ ሳይበላ ነው እንዴ የሚሠራው?” ብላ አፋጠጠቻቸው። ከወሎ የመጣ አንድ አጫጅ ደግሞ “ፍቅሩስ ይኑር፤ በሆድ ይያዝ እንጂ በልጆች ፊት ምን አወጣው?” አለ። ረፊቃም “በሆድ የተያዘ ፍቅር ለሚስቲቱ ምን ይረባታል? እሷ ሆዱን አታየው” አለችው። ነጋዴው ሐጂ አብዱረሕማን ሱቃቸው በር ላይ ተጠይቀው፣ “ቤቱን ያገለገለ ወንድ ምኑ ይቀንሳል? እኔን ያሳፈረኝስ ግመል ቀድሞን መገኘቱ ነው” አሉ።

እንዲህ ያለ ክርክር በሰፈራችን ተደርጎ አያውቅም። ስለ መሬት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ድንበር ስንጣላ ኮሚቴዎ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አይቶን አያውቅም፤ ስለ ፍቅር መከራከር በጀመርን በሦስተኛው ሳምንት ግን ደረሱልን። ስለ ፍጥነትዎ ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ትእዛዝዎ። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ “ጀበልና ወርዳ ባልና ሚስት መባላቸው ቀርቶ ወንድምና እህት ተብለው እንዲተረጎሙ፤ ይህም የወንድን ክብር ለመጠበቅ ነው።” ረፊቃ በሰው አገር ናትና ፈርታ ታዘዘች። የዚያን እሑድ “ወርዳ የጀበል እህት ናት” ብላ ጀመረች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ልጆች እየሮጡ መጡና ጀበልን “ያባ”፣ ወርዳን “ዩማ” አሏቸው፤ አባቴ፣ እናቴ ማለት ነው። ኮኪት ውስጥ የእነዚህን ሁለት ቃላት ትርጉም የማያውቅ ሕፃን የለም። አሰበች ቀስ ብላ “እግዚኦ!” ስትል ተሰማች። አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በወግ ተጋብተው ልጆች ያፈሩ ሁለት ምስኪን ግመሎችን በአንድ ማኅተም ነውረኛ አደረጓቸው። እግር ማጠብ ያሳፈረዎ ሰው፣ ከእህት መውለድ እንዳላሳፈረዎ ሰፈሩ ሁሉ አየ። በቀጣዩ እሑድ ረፊቃ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፣ “ከእንግዲህ አልዋሽም። ባልና ሚስት ናቸው፤ ያልወደደ ይውጣ” አለች። አንድም ሰው አልወጣም። እርስዎም አልወጡም፤ አግዳሚው ላይ ነበሩ።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ካፌ ይደርቃል፤ ለዚህ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንግዳው የሚባለው ሰው ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ፣ እኛ ሳሉግ ከምንላቸው የወቅት ሠራተኞች አንዱ ነው። ሚስቱ ታንጉት ከጎኑ ሆና ታጭድ ነበር። የታጨደ የሰሊጥ አገዳ እንደ ወስፌ የሾለ ነው፤ የላስቲክ ጫማዋን በስቶ ውስጥ እግሯ ገባ። እግሯ ሲያብጥ እንግዳው ከካምፕ አምጥቶ ለሐኪም አሳያት። ቀኑ እሑድ ነበርና “ነገ በጠዋት ኑ፣ ቁስሉ ይከፈታል፤ እስከዚያ በጨው ውሃ እያጠባችሁ ንጽሕናውን ጠብቁ” ተባሉ። እኔ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ሰጠሁት። ታንጉትን በሬ ላይ ካለው አግዳሚ አስቀምጦ፣ ተንበርክኮ እግሯን ያጥባት ጀመር። ካርቱኑን አይቶ የወጣው ሕዝብ አያቸው። አንዱ “ጀበል!” ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። እንግዳው ቀና ሳይል፣ “ጀበል ብትሉኝ ምን ይጎድልብኛል? የሚያማት እሷን ነው” አለ። ሳቁ ቀዘቀዘ። የኮሚቴዎ ሰዎች ብቻ የባልና ሚስቱን ስም መዝግበው ሄዱ።

በማግሥቱ ሁለቱ ወደ ሐኪም ሲሄዱ መንገድ ላይ ተይዘው ወደ እርስዎ ቀረቡ። እኔም በምስክርነት ተጠርቼ ስለነበር በጆሮዬ የሰማሁትን እጽፋለሁ። እርስዎ ታንጉትን “ምን አብልተሽው ነው?” ብለው ጠየቁ።

“ያበላሁትማ ድርቆሽ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ሌላ ምን አለና” አለች።

ጸሐፊዎ ድርቆሽ የሚለውን በማስረጃነት መዘገበ። እኔ “ጌታዬ፣ እግሯ እየጠቆረ ነው፤ መጀመሪያ ትታከም” አልሁ። “ሥርዓት ይቅደም” አሉኝ። ጥያቄው ሰኞ አላለቀም፣ ለማክሰኞ ተቀጠረ፤ ማክሰኞም ወደ ረቡዕ ተላለፈ። ሁለቱን ሌሊት ያደሩት በኮሚቴው መጋዘን ነው። ረቡዕ ዕለት እንግዳው በሠራተኞች ፊት ቆሞ “ተደግሞብኝ ነው” ብሎ ቢናገር እንደሚለቀቁ ነገሩት። ሰውዬው ሁልጊዜ ለስላሳ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። “እኔ ላይ የተደገመብኝ ድህነት ነው። እሷ ምን አደረገች?” አለ። እርስዎም ሰፈሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለቅቀው እንዲወጡ አዘዙ። በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ወደ ሽንፋ ሄዱ።

በሳምንቱ እንግዳው ስልክ ደወለልኝ። ታንጉት በሕይወት አለች፤ ሁለት የእግር ጣቶቿ ግን ተቆርጠዋል። ያከማት ሰው “ሦስት ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ጣቶቿ ይተርፉ ነበር” ብሎታል። ሦስቱ ቀናት የት እንደዋሉ እርስዎም እኔም እናውቃለን። “አሁንስ እግሯን ማን ያጥብላታል?” ብዬ ጠየቅሁት፤ የማይረባ ጥያቄ ነበር። “ኧረ እትዬ፣ ማን ሊያጥብላት ነው?” አለኝ።

አምስተኛ፣ ስለ እሸጋው። በቀጣዩ እሑድ ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት ሰው ፊት ቆሜ እንግዳው የነገረኝን ተናገርሁ። ሰኞ ጠዋት በሬ ታሽጎ አገኘሁት። ወረቀቱ ላይ “ሁከት የሚያስነሣ የእንስሳት ፊልም በማሳየት” ተብሏል። ቤቴ ውስጥ ስንት የጦርነትና የግድያ ፊልም ሲታይ አንድ ቀን ሁከት ያልተባለው፣ አንድ ግመል ሳፋ ቢያነሣ ሁከት መባሉ ገርሞኛል። በጸሎተ ሐሙስ ቄሱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ፣ እርስዎ ከሁሉ ቀድመው ጫማዎን ሲያወልቁ አይቻለሁ። ያን ዕለት ቄሱን “ምን በልተው ነው?” ብለው ሲመረምሩ አልሰማሁም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው፤ በሬን እንዲከፍቱልኝ አይደለም። ረፊቃ የቀሩትን ክፍሎች በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ እሑድ እሑድ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ቆማ ትተርክልናለች፣ ባጃጅ ነጂዎቹም እንደ ልማዳቸው ይከራከሯታል። ጥላ ደግሞ አይታሸግም። የምለምንዎ ወደ ሽንፋ ሄደው ታንጉትን በፊቷ ቆመው ይቅርታ እንዲጠይቋት ነው። መኪናው በየጠዋቱ ከገበያው ይነሣል። ስብሰባ ካለብዎ እኛ ተሰብስበን እንጠብቅልዎታለን።

የወንድን ክብር ከውሃና ከሳሙና ለመጠበቅ ያለ ዕረፍት ለሚደክሙት፣ ሁለት ግመሎችን ለማፋታት አንዲትን ሴት ለሁለት ጣት መጉደል ላበቁት ክቡር ሰብሳቢ፣ እጅ ነሥቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ የሚገባዎትን አክብሮት ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

አገኘሽ
የታሸገ በር ባለቤት

ከፊርማ በኋላ፦ ይህን ስለጥፍ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሮዳስ እህል ሊያስፈጩ መጥተው አነበቡት። “ስሜን መጻፍ አትፍሪ፣ ጻፊውና አንድ ነገር ጨምሪልኝ” አሉኝ። እኔም በቤት እንዲነግሩዎ መከርኋቸው። “በቤት የምናገረውን አይሰማም፤ የተለጠፈ ነገር ግን ያነባል” አሉ። እንዲጻፍላቸው የፈለጉትን ቃል በቃል አሰፍራለሁ፦ “እግሬን እጠብልኝ አላልሁም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ‘ደከመሽ ወይ?’ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።”